ጫማውን ያላወለቀው ሥዕል

ቅዳሜ ማለዳ፣ ቡሬ

ጎህ ሲቀድ በቅሎዋን ጫንን። ጨው ቢሆን ደስ ባለኝ፤ የጫንነው ግን የጣሊያኖቹን የበላይ ገዥ ሥዕል ነው። ቁመቱ እኔን ያህላል። በሥዕሉ ላይ ሰውዬው ረጅም ቡትስ ጫማ አድርጎ አገጩን ወደ ሰማይ ሰቅሏል። ትናንት የቡሬው የጣሊያን ጦር ሹም አጎቴን ቄስ አላምረውን ጠርቶ፣ «ቅኔ ማሕሌት ውስጥ ይሰቀል፣ ሕዝቡም ይስገድለት። እሑድ መጥቼ አያለሁ፤ ካልተሰቀለ አንተ ትሰቀላለህ» ብሏቸዋል።

«ምን ሊያደርጉ ነው አባ?» አልኳቸው።

«ከቤተ ክርስቲያኔስ አይገባም» አሉና ወደ ደብራችን የሚወስደውን ጭቃ መንገድ ጀመሩት።

ቀትር፣ ወጀት

ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንላት ከተማ ያኔ ወጀት ነበረች። ዘመዳችን እማሆይ ጥሩዬ የዳጉሳ እንጀራ በጎመን አቀረቡልንና የሥዕሉን መሸፈኛ ገለጥ አደረጉ።

«ኧረ አባ! ይኼን ከእመቤታችን ፊት ሊያቆሙት?»

አጎቴ ጉርሻቸውን ይዘው ሥዕሉን ከራሱ ጀምረው ወደ ታች አዩት። እግሩ ላይ ሲደርሱ ፈገግ አሉ። እኔ ምኑም አልገባኝም።

እሑድ፣ ጅጋ አጠገብ፣ ደብራችን

ቅዳሴ ሳይገባ ሹሙ ወታደር በጫነ ካሚዮን ደረሰ። ሥዕሉ ደጀ ሰላሙን ተደግፎ ቆሟል። ገበሬው ቅጥሩን ከቦ ያያል።

«ለምን አልገባም?» አለ ሹሙ በአስተርጓሚው በኩል።

«ጫማ አድርጓል» አሉ አጎቴ።

«ሥዕል እኮ ነው አባ!» አለ አስተርጓሚው፣ ላብ አጥምቆት።

«ስገዱ ስትሉን ሰው ነው፣ ጫማ ያውልቅ ስንል ሥዕል ሆነ? እዚህ ንጉሥም አውልቆ ነው የሚገባ። ካልሆነ ከጉልበቱ በታች ይቁረጡልንና እናስገባው።»

የሹሙ እጅ ወደ ሽጉጡ ሄደ። አጎቴን ዛሬ ቀበርኳቸው አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን ከበሩ ንቅንቅ አላሉም። ሹሙ ወታደሮቹን አየ፣ ገበሬውን አየ። የጌታውን እግር ቢያስቆርጥ የራሱ አንገት ያሰጋዋል፤ በግድ ቢያስገባው ያ ሁሉ ገበሬ በማግስቱ ይሸፍታል።

«ጫኑት» አለ በመጨረሻ፣ ወደ ካሚዮኑ እያመለከተ።

ያው መንገድ፣ ከነፃነት በኋላ

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከከተማ ሌላ ሥዕል ለደብራችን ተላከ፤ አሁን የራሳችን ሰው፣ የአገራችን ትልቅ ሹም። በዚያው ጭቃ ይዤ የሄድኩት እኔው ነኝ፤ በደስታ። አጎቴ አርጅተዋል፣ ዐይናቸው ደክሟል። በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ና እስቲ ልጄ» አሉኝ፣ «እግሩን እይልኝ።»