ከአንዱ ቱቦ ለስድስቱ

እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም አልተናገርሁም። ንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ቀርቤ ስለ ቁጣዬና ጾም ስለ መሻሬ ተናዝዣለሁ፤ ይህችን ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እየዘለልሁ አለፍኋት። አብራኝ ባደገች ጓደኛዬ ላይ በሐሰት መሰከርሁ። ተሳስቼ አይደለም፣ ተገድጄም አይደለም። አውቄ ነው።

ከድጃ ትባላለች። ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡት የሐጂ ይማም ልጅ ናት። ቤታችን ጎን ለጎን ስለ ነበር ከልጅነታችን አንለያይም። ለሁለተኛ ዲግሪ ከአገራችን ርቀን አንድ ዩኒቨርሲቲ ገባን፤ መምህራችንም አንድ፣ ላቦራቶሪያችንም አንድ ሆነ። የምናጠናው እርሾ ነበር። ደብረ ታቦር አቅራቢያ ገሳይ ካለችው አክስቴ የጠላ ጥንስስ ቀድቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከድጃ ከፍታ አሸተተችውና፣ «እኔ የማውቀው የማያሰክረውን ቀሪቦ ነው፤ በጠላ ዲግሪ ልታስይዘኝ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች።

የያዘችው ጥያቄ ግን ቀልድ አልነበረም። እርሾ መርዝ ባለበት ሳህን ላይ ሲዘራ አብዛኛው ይሞታል፤ ዘረ መሉ የተለወጠ ጥቂቱ ብቻ ይተርፋል። ያ ለውጥ የሚመጣው መርዙ ሲነካው ነው? ወይስ መርዙን ሳያይ፣ ገና ሲራባ በአጋጣሚ? ይህን ለመለየት ከድጃ በሠላሳ ቱቦዎች ለየብቻ እርሾ አሳደገች። ነገሩ አጋጣሚ ከሆነ የአንዱ ቱቦ ዕጣ ከሌላው አይገጥምም፤ አንዱ ሳህን ላይ ሁለት ነጥብ ሲበቅል ሌላው ላይ መቶ ሊበቅል ይችላል። አንዱ ከሌላው ከተቀላቀለ ግን ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ይህን እኔም እንደ እሷ አውቅ ነበር።

ለዐረፋ ወደ ቤቷ ስትሄድ ቱቦዎቹን ለእኔ ተወችልኝ።

«አደራህን ሙሉቀን፣ እስክመለስ ከማሞቂያው እንዳታወጣቸው።»

አወጣኋቸው። ለምን? ለራሴ ሥራ ቦታ ፈልጌ። መደርደሪያው ከእጄ አመለጠና ስድስት ቱቦዎች ተሰበሩ። ደውዬ ብነግራት ምን ትሆን ነበር? ትቆጣለች፣ ሁለት ሳምንት ይባክንባታል፣ በቃ። እኔ ግን ስድስት አዳዲስ ቱቦዎች አመጣሁ። ከደኅናዎቹ ከአንዱ ቀድቼ ለስድስቱ አከፋፈልሁ። ቁጥራቸውን ጻፍሁባቸው። ስብርባሪውን ጠርጌ ጣልሁ።

ተመልሳ በየሳህኑ ዘራችው። የበቀለውን ስትቆጥር ሰባት ሳህኖች፣ የስድስቱና የቀዳሁበት ቱቦ፣ እንደ መንትያ ተመሳሰሉ፤ ሰባቱም ላይ ከመቶ በላይ ነበር። መምህራችን ሁለታችንንም ጠሩን።

«ይህ በአጋጣሚ አይመጣም» አሏት። «ከአንዱ ቀድተሽ ነው ያከፋፈልሽው፤ መዝገብሽ ላይ ግን ለየብቻ አሳደግኋቸው ብለሽ ጽፈሻል።»

«ያልሠራሁትን አልጻፍሁም። የጠበቃቸው ሙሉቀን ነው፤ እሱን ይጠይቁት።»

እየከሰሰችኝ አልነበረም። ምስክር እየጠራች ነበር። ምን ያህል ብታምነኝ ነው?

«ነክተሃቸዋል?» አሉኝ መምህሩ።

«አልነካሁም» አልሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከድጃ ግቢው ውስጥ ወዳለሁበት አንድ ቱቦ ይዛ መጣች። ልታጥባቸው ስትል የስድስቱ ቁጥር የእኔ የእጅ ጽሑፍ መሆኑን አይታለች። ቱቦውን አልሰጠችኝም፤ እንዳየው ብቻ ከፍ አድርጋ ያዘችው።

«ሙሉቀን፣ የምትነግረኝ ነገር አለ?»

ጽሑፌን አየሁት። «የለም» አልኋት።

ወደ መምህሩ ወሰደችው። እንደገና ተጠራሁ። «መጀመሪያ ላይ ቁጥር በመጻፍ አግዣታለሁ» አልሁ። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለለኝ፤ ስለ ራሴ ከማውቀው ሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ከድጃ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። «አብረን እኮ ነው ያደግነው» ብላኝ ወጣች። ሐሰተኛ ውጤት አቅርባለች ተብላ ተሰናበተች። እኔ ተመረቅሁ። መምህርም ሆንሁ። ያንኑ ሙከራ ዛሬም አስተምራለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ለለቅሶ ደብረ ታቦር ሄጄ በሱቃቸው ደጃፍ ሳልፍ ሐጂ ይማም አዩኝ።

«ሙሉቀን! ምነው ልጄ፣ ጠፋህሳ! ና ግባ እንጂ!»

ከጎናቸው አስቀምጠው ሻይ አስመጡልኝ። ከድጃ ጨርቅ ትለካ ነበር። እሳቸው ለሶላት ሲወጡ፣ «ከድጃ፣ ያን ጊዜ…» ብዬ ጀመርሁ።

መለካቷን አላቋረጠችም። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔማ አውቀዋለሁ። አጭበርብራ ተባረረች ሲባል ከሰው የሰሙት አባዬ ናቸው። ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም። ሳይጠይቁኝስ ምን ብዬ ልጀምር?»

ሐጂ ተመለሱ። እኔስ ምን አደረግሁ? ተነሥቼ ተሰናበትሁ። እጄን ይዘው፣ «አንተማ ለልጄ ወንድሟ ነበርህ» አሉኝ። መናኸሪያ ደርሼ ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጥሁ። መኪናው ሊነሣ ሲል ወረድሁ። ጀግንነት አትበሉት፤ ያችን ቃላቸውን ይዤ መሄድ አቅቶኝ ነው።

ሱቁ በር ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኋቸው። አደራውን፣ ስብራቱን፣ ሁለቱንም ውሸት። ሐጂ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አልሰደቡኝም፣ አልረገሙኝም፤ ፊታቸውንም ወደ እኔ አላዞሩም። ወደ ልጃቸው ሄዱና፣

«ከድጃ፣ ሳልጠይቅሽ የሰው ወሬ ያመንሁት እኔ ነኝ። አውፍ በይኝ» አሏት።

ያን ጊዜ አለቀሰች።

ይቅር በሉኝ ልል ከንፈሬ ተላቅቆ ነበር። በዳዩ እኔ ቆሜ ሽማግሌው ይቅርታ ሲለምኑ፣ ምን አፍ አለኝ? ዋጥሁትና ወጣሁ። ሰኞ ዕለት ሁሉንም ጽፌ ለዩኒቨርሲቲው ላክሁ። ዲግሪዬን ቢነጥቁኝ አልከራከርም። ለእሷ ግን የትኛውን ዓመት ይመልሱላታል?

እናንተም ማሩኝ አልላችሁም። ስሟን የሰማችሁ ካላችሁ ይህን ብቻ እወቁልኝ፦ ከድጃ አላጭበረበረችም። ያጭበረበርሁት እኔ ነኝ።