የተንጋደደው ሜዳልያ

ጡረታ የወጡት ሳጅን ኦርቪል ታኬት፣ በአሜሪካ፣ በኬንታኪ ተራሮች መካከል ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ካዴቶችን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወታደራዊ ሥርዓት አሠለጠኑ። ከደረት ኪሳቸው ማስመሪያ አይጠፋም ነበር። የካዴት ሜዳልያ የስንዴ ቅንጣት ታህል እንኳ ቢያዘነብል፣ ለክተው እንደገና ይሰኩት ነበር።

የምርጥ ካዴትን ሜዳልያ የሚሰጠው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ሲሆን፣ በጀርባው ላይ የተሸላሚውን ስም የሚቀርጹት ግን ሳጅኑ ነበሩ። አንድ ዓመት የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ የወይዘሮ ኮምስ ልጅ፣ ሮዳ፣ አሸነፈች። በሽልማቱ ዕለት ጧት የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሚስተር በርቼት መጡ።

«ስማ ሳጅን፣ ሐሳባችንን ለውጠናል። ለልጅ ልጄ ለትራቪስ ይሁን።»

«የሮዳ ስም ተቀርጿል፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ፋቀዋ!»

«መቅረጽ እንጂ መፋቅ አልተማርኩም።»

«እንግዲያው እኔ በእጄ አልሰካላትም!»

«ማን ለመነዎት?»

ሰልፉ በሜዳው ላይ ቆመ። ሳጅኑ ሮዳን ጠርተው ከፊት አቆሟትና ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞሩ።

«ወይዘሮ ኮምስ! ብቅ ይበሉና የልጅዎን ሜዳልያ ይስኩላት!»

«ምነው ሳጅን፣ በዚህ ሽርጤ?»

«በዚያው በሽርጥዎ!»

እናት ዱቄት በነካው እጃቸው እየተቻኮሉ ሰኩት። ሜዳልያው ክፉኛ ተንጋደደ። ካዴቶቹ ሁሉ በዓይናቸው ጥግ የሳጅኑን ኪስ አዩ። ሚስተር በርቼትም ከፊት ወንበር ላይ ሆነው፣

«አሁንስ አትለካም?» አሏቸው።

ሳጅን ታኬት የኪሳቸውን ቁልፍ ቆለፉ። «ቀጥ ብሏል!» አሉና፣ ለሮዳ እጃቸውን አንሥተው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጧት።