ተበላ ገበያ ላይ የዋጥኳት ቃል

ልጆቹ «አያቴ፣ የወፎቹን ነገር ንገሪን» ብለው ያዙኝ። የሚያስቅ ነገር መስሏችሁ ከሆነ ይቅርባችሁ ብላቸውም አልተውኝም። እንግዲህ እኔ እናገራለሁ፣ ትልቋ ትጽፋለች።

እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም። ዝንጅብል ተሸክሜ ከገበያ ገበያ፣ ዛሬ በዴሳ ነገ ተበላ ስዞር፣ የቱ ወፍ የት ቁጥቋጦ እንደሚያድር አውቅ ነበር። ሶዶ ውስጥ የወፍ ክበብ የሚሉት ነበረ፤ መምህራንና የቢሮ ሰዎች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወፍ ፍለጋ የሚወጡ። ስለ እኔ ሰምተው መንገድ ምሪን አሉኝ፤ መራሁ። ሁሉም ከሌላ አገር የመጡ ስለሆኑ ከገበሬው ጋር አስተርጓሚያቸውም እኔው ሆንኩ።

ሥራቸው እንዲህ ነው። ጎህ ሲቀድ ዓይን የማያየው ቀጭን መረብ በሁለት እንጨት መሃል ይወጥራሉ። ወፏ በርራ ትገባበታለች። ፈትተው በጨርቅ ከረጢት ይከቷታል፣ ይመዝኗታል፣ ክንፏን ይለካሉ፣ ቁጥር ያለበት ቀለበት እግሯ ላይ በፒንሳ ገጥመው ይለቋታል። ሌላ ጊዜ ከተያዘች በቁጥሯ ትታወቃለች። አንዳንዴ ታዲያ ይዘገያሉ። አንድ ቀን ከመረቡ ታችኛው ጫፍ ጉንዳን ቀድሞን ደረሰ። ወፏ ዓይን የላትም፤ ልቧ ግን ይመታል። የክበቡ አለቃ፣ አንድ መምህር ነው፣ አንገቷን በሁለት ጣቱ ቀጭ አደረገና «ጻፊ፣ አንድ ሞተ» አላት ጸሐፊዋን።

ጸሐፊዋ ተመድባ የመጣች ወጣት ሴት ነበረች፣ ዝምተኛ። «እማማ፣ እርስዎ ይቀመጡ» የምትለኝ እሷ ብቻ ነበረች። ከተበላ ቁልቁል፣ ወንዝ ዳር ባለ ቁጥቋጦ ለአንዲት ግራጫ ወፍ ቀለበት አሰረችላት። ብርዱን ሸሽታ ከሩቅ አገር የምትመጣ ናት አሉ። በዓመቱ ያችው ወፍ እዚያው ቁጥቋጦ ላይ ተያዘች። ልጅቷ ያን ቀን በደስታ አለቀሰች። አለቃው ግን ያን ቦታ አይወደውም።

«ለአንድ ወፍ ብላ በዚህ ሙቀት ትቀቅለናለች። ይቅር ይሄ ቦታ።»

«አንድ ዓመት ስጡኝ» አለች። «ለሦስተኛ ጊዜም ትመጣለች።»

«ካልመጣችስ?»

«ቦታውንም ተዉት፣ እኔንም ከክበቡ አስወጡኝ።»

«ምስክሮች ናችሁ!» አለና ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ።

ከዚያ አለቃው አንድ ነገር አሰበ። ወፎቹ የትም ሞተው ሲቀሩ ቀለበቱ አብሮ ይጠፋል፤ ሰው ይሰብስብልን፣ ላመጣ ሳሙና እንስጥ አለ። ልጅቷ መልእክቱን አደረሰችኝ። «እማማ፣ በገበያ ቀን ይንገሩልን። እግሩ ላይ ቀለበት ያለው፣ የሞተ ወፍ ያገኘ ሰው ቀለበቱን ያምጣ።»

ተበላ ገበያ መሃል ድንጋይ ላይ ወጣሁ። በእኛ ዘንድ ገበያ መሃል ቆሞ «ሞተ» ብሎ የሚጮህ ሰው ለቅሶ ነው የሚጠራው። ቃሉ ከተሰማ ሴቱ ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ ዕቃውን ጥሎ እዬዬ ይላል። ለወፍ ብዬ ሰው ላስደነግጥ? አዘንኩላቸውና «የሞተ» የምትለዋን ቃል ዋጥኳት። «እግሩ ላይ ቀለበት ያለው ወፍ ያገኘ ቀለበቱን ያምጣ፣ ሳሙና ይወስዳል» ብዬ በወላይትኛ ጮህኩ።

«ደግሞ ወፏን ማን አጫት?» አለች አንዷ ቅቤ ሻጭ። ተሳሳቅን።

ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ወፎች ሲገቡ ወደዚያው ወንዝ ዳር ወረድን። መረብ ሳንወጥር አንድ ሰውዬ መጣ፤ በቃጫ የተሰካ የወፍ እግር፣ እንደ በርበሬ ዘለላ አንጠልጥሏል። ጥቂቱ ቀለበት አለው፣ ብዙው የለውም። ቀለበት ከሩቅ አይታይማ፤ የያዙትን ሁሉ ነው የቆረጡት።

«ሁሉንም አልገደልንም» አለኝ፣ ደግ የሠራ መስሎት። «አንዳንዷን እግሯን ብቻ ቆርጠን ለቀቅናት። በክንፏ ትሂድ፣ ክንፏን አልነካንም።»

ልጅቷ ቁጥሩን አንድ በአንድ ታነባለች። አንዱ የዚያች የግራጫዋ ወፍ ሆነ። መዝገብ መግለጥ አላስፈለጋትም። አለቃው በትከሻዋ በኩል ቁጥሩን አየ።

«ቃሏን ጠበቀች፣ መጣችልሽ» አለ። «ቀሪ ሰውነቷን ብቻ ረስታ።»

ሳቁ። እሷ እግሩን መዳፏ ላይ ይዛ ቆመች። ከዚያ አለቃው ሳቁን አቆመና ወደ እኔ ዞረ። «ማነው ቁረጡ ያላቸው? ጠይቂው።»

የተፈለገው ሞቶ የተገኘ ነበር፣ ማነው ቁረጡ ያላችሁ ብዬ በወላይትኛ ጠየቅሁት።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ እናቴ?» አለኝ። «ሞቶ የተገኘ ብለሽ ቢሆን ቁጭ ብለን እንጠብቅ ነበር። የሞተ መቼ አልሽ?»

«ምን አለ?» አለ አለቃው።

«መልእክቱ እንደመጣልን ነው ያደረግነው፣ ይላል» አልኩ።

«አንቺ ምን ብለሽ ነው የላክሻት?» አላት።

ልጅቷ አየችኝ። ቆይታ አየችኝ። «ተሳስቼ ይሆናል» አለች።

«አንድ ዓረፍተ ነገር ማድረስ ያቃታት ናት መዝገብ የምትይዝልን!» አለና ደብተሩን ከእጇ ነጠቀ። ሶዶ እስክንገባ መኪና ውስጥ አንድም ሰው አላናገራትም። ከዚያ ወዲህ አልተጠራችም፤ ቦታውም ቀረ። እኔን ግን ጠሩኝ። ሄድኩ። ዳቦና ሻይ ሰጡኝ፣ በላሁ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አታውቅም፣ የእውነት የተሳሳተች መስሏት ነው እያልኩ ኖርኩ።

ስንት ዓመት አልፎ በዴሳ የአንዲት አሮጊት ለቅሶ ደረስኩ። ከሐዘንተኞቹ መሃል ያቺው ጸሐፊ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች፤ ሴቶቹ በወላይትኛ ያጽናኗታል፣ ራሷን ትነቀንቃለች።

«ይቺ ለሟች ምኗ ናት?» አልኳት ጎረቤቷን።

«ልጇ ናት እንጂ። ከአባቷ ጋር ሌላ አገር አደገችና ወላይትኛ መናገሩ ያሳፍራታል። ስትሰማ ግን አንድ ቃል አያመልጣትም።»

ያን ቀን ወንዙ ዳር ሰውየው ለእኔ ያለኝንም፣ እኔ ለአለቃው ያልኩትንም ሰምታ ነበር።