ከደጀ ሰላሙ ውጭ

ዘንድሮ ክረምቱ ገና ከመግባቱ የቤቴ ቆርቆሮ በአልጋው ግርጌ በኩል ማፍሰስ ጀመረ። ጣራ የሚጠግነው ልጅ ከወረታ ከወጣ ሰንብቷል፣ የቀረውም ሰው ቢሆን ጣራ ላይ ቆሞ መታየትን የሚፈራበት ጊዜ ነው፤ እኔም ከሚንጠባጠበው ሥር ሳፋ ደቅኜ ተውኩት። ለካ ሣጥኑም ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ስከፍተው አባቴ የሠራው ወፍራም ቡልኮ ረጥቦ አገኘሁት፤ አውጥቼ ወንበር ላይ ስዘረጋው የረጠበ ጥጥ ሽታ ቤቱን ሞላው፣ ጭቃ ጭቃ፣ ትንሽም የሰው ላብ ላብ የሚል። ከልጅነቴ ወዲህ እንደዚያ አጥብቆ የመጣብኝ ቀን የለም።

እንዲህ ያለ ሽታ ሲመጣበት ሰው ሆዱ ይባባል ይባላል። እኔ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ምንም አልመጣም። ካለፈው ዓመት ወዲህ እንደዚህ ነኝ። ከወደ ተራራው ተኩስ ሲሰማ ጎረቤቶቼ በር ይዘጋሉ፣ ያማትባሉ፣ ልጆቻቸውን እየጠሩ ይጮኻሉ፤ እኔ ሽንኩርቴን እልጣለሁ። የማኅበራችን ሴቶች "እሷማ እምነቷ ጽኑ ነው" ይሉኛል። ኧረ ወዲያ! እምነት አይደለም፣ ደንዝዤ ነው። ሲቀመጡበት እንደሚደነዝዝ እግር ነው የሆንኩት፣ ቢቆነጥጡትም የሌላ ሰው ገላ ይመስላል። እሁድ እሁድ ቄሱ አይዟችሁ አትፍሩ፣ እግዚአብሔር ቃል ኪዳን አለው ብለው ሲያስተምሩ እሰማለሁ፤ ግን የማይፈራ ሰው አትፍራ ቢሉት ምን ይፈይድለታል? ስለዚህ ሽታው ወደ ወሰደኝ ሄድኩ። እዚያ ቢያንስ የሚፈሩ ሰዎች አሉ።

የተወለድኩት ቁሐር ሚካኤል ነው፣ ከወረታ በበጋ በእግር ቅርብ፣ በክረምት ግን ሌላ አገር። ያኔ ሩዝ የሚባል ነገር አናውቅም፤ ሜዳው ጤፍና ጓያ ነበር የሚያበቅለው። ሐምሌ ሲገባ ርብ ሞልቶ ይወጣና ጣና ተነሥቶ ወደ እኛ የመጣ ይመስላል፤ ላሞቹ ጉልበታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመው ይግጣሉ፣ እንቁራሪቱ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጫጫ ያድራል፣ ለምደነው ስለነበር ዝም ያለ ቀን እንቅልፍ እምቢ ይለናል።

አባቴ ሸማኔ ነበር። ሸማኔ የሚሠራው ተቀምጦ እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ነው፤ በእግሩ እየረገጠ ድሩን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ በእጁ መወርወሪያውን ይወረውራል። የእኛ ጉድጓድ ግን ሌላም ሥራ ነበረው። ርብ ከመሙላቱ በፊት ውኃው በመሬት ውስጥ እየሰረገ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ስለሆነ የመንደሩ ሰው ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ብቅ እያለ "ጉድጓዱ እንዴት አደረ?" ይላል፣ ልክ በሽተኛ እንደሚጠይቅ። አባቴም ሱሪውን ሰብስቦ እግሩን አውጥቶ ያሳያል። ቁርጭምጭሚቱ ብቻ ከረጠበ ሳቅ ነው፣ "እስካሁን ዓሣ አላጠመድክም?" ብለውት ይሄዳሉ፤ ባቱ ከረጠበ ግን ማንም ሳይስቅ እህሉን ወደ ቆጥ፣ ከብቱን ወደ ጉብታ ያወጣል።

እንዲህ ስል ግን እጅግ የተወደድን እንዳይመስላችሁ። ሸማኔ በዚያ አገር ጋቢው ነው የሚወደድ፣ እሱ ራሱ እምብዛም። ፊት ለፊት የሚናገር የለም፤ ግን የአንዱ ላም ከነጠፈች ወይም የአንዷን ሕፃን ካተኮሰው ዓይን ሁሉ ወደ እኛ ቤት ዞር ይላል። እናቴ ይህን ስለምታውቅ ሥርዓት ስታከብር ከሰው ሁሉ አብልጣ ነበር፤ ሌላው እስከ ስድስት ሰዓት ቢጾም እሷ እስከ ዘጠኝ፣ ሌላው አንዴ ቢሰግድ እሷ ወገቧ እስኪቆረጥ። በተለይ ጎረቤታችንን እትዬ ጥሩዬን ትፈራቸው ነበር። እትዬ ጥሩዬ ደግ ሰው ናቸው፣ ልጅ አይተው ዳቦ ሳይቆርሱ አያልፉም፣ ግን ምላሳቸው አይጣል ነው! ጠዋት ያሉት ከሰዓት ወረታ ገበያ ላይ ይሰማል።

ታናሽ እኅቴ የተወለደችው ክረምቱ ሲከፋ፣ ሐምሌ ላይ ነው። በእኛ ሥርዓት ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ እስከዚያ አራሷ እናት የቤተ ክርስቲያኑን ደጀ ሰላም አታልፍም። ይህን የማያውቅ የለም። ታዲያ በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ ጎርፍ የማይደርስበት ከፍታ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ቤተ ክርስቲያኑ የቆመበት የሚካኤል ጉብታ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ቁርጭምጭሚቱ ብቻ ስለረጠበ አባቴ ጋቢ ሊሸጥ ወረታ ሄዷል። እኔ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ማግ እያጠነጠንኩ፣ ልቃቂቱ ከእጄ አመለጠና ወደ ውስጥ ወደቀ፤ ቧ ሲል ሰማሁ። አጎንብሼ ሳይ ውኃው አፉ ድረስ ሞልቶ ልቃቂቱ ላዩ ላይ ይዞራል። "እማ!" ብዬ ስጮህ እናቴ አንድ ጊዜ አየችና እኅቴን በነጠላ ደረቷ ላይ አሰረች፣ እኔን በእጄ ያዘች፣ ወጣን። ደጁ ላይ መንገድ የሚባል ነገር የለም። ሰው ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይንቦጫረቃል፣ በግ የተሸከመ አለ፣ እህል የተሸከመ አለ፣ አንድ ሽማግሌ በርጩማቸውን ብቻ ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው "ታዲያ የት ልቀመጥ?" እያሉ ማንም ሳይጠይቃቸው ይነጫነጫሉ። ውኃው ደረቴ ደርሶ ነበር ጉብታው ሥር ስንደርስ።

ሰዉ በደጀ ሰላሙ እየተጋፋ ገባ። እናቴ ደጀ ሰላሙ ፊት ካለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ዞረችና ታችኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች፤ ውኃው እግሯን ይልሳል። እኔ እጇን እየጎተትኩ አለቀስኩ። "አራስ ነኝ" አለችኝ። ከላይ ሰዎች ያዩናል፤ ግቢ የሚልም አትግቢ የሚልም የለም። እኅቴ ፊቷ ጠቁሮ ትንሰቀሰቃለች፣ እናቴም ጆሮዋን ወደ ሕፃኗ አፍ እያስጠጋች ትንፋሿን ታዳምጣለች። ሳትጠመቅ ብትሞትባትስ? ያ ነበር ያስጨነቃት፣ ልጅም ብሆን ገብቶኛል። ታዲያ ብትገባስ? ያኛውም ገብቶኛል።

የንስሐ አባታችን መምሬ አላምረው ይህን ሲሰሙ ሰዉን እየገፉ መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቁ ጥርሳቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ሰው ናቸው።

"ልጄ፣ ግቢ እንጂ! እኔ ፈትቼሻለሁ" አሏት።

"ይቅር ይበሉኝ መምሬ፣ አልገባም። እርስዎ ቢፈቱኝ ሰዉ አይፈታኝም። ነገ ውኃው ሲጎድል ታቦቱን ያስቆጣችው የሸማኔው ሚስት ናት ይሉኛል። ሕፃኗን ይውሰዱልኝ፣ እኔ እዚህ እሆናለሁ።"

"ሕፃን ያለ ጡት ምን ትሆናለች?" አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው ደረጃውን ወረዱና ከእናቴ ጎን፣ እዚያው ውኃ ውስጥ፣ ቁጭ አሉ። "እንግዲህ እኔም እዚህ ነኝ። እግዜር ውኃ አይመጣም ብሎ ቃል አልገባልንም፤ ውኃው ውስጥ ስትገቡ አብሬያችሁ አለሁ ነው ያለን። ይህን ደግሞ ደረቅ ላይ ቆሜ ልነግርሽ አልችልም።"

እኔን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱኝ። ያ ጋቢ የአባቴ ሥራ ነው፣ በጥለቱ አወቅሁት። ቃሉን ደጋግመው ለእናቴ ይላሉ፣ አብሬሽ አለሁ ብሏል፣ አብሬሽ አለሁ ብሏል፣ ከሥር ግን ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ጀርባዬን ይደልቀኛል።

"መምሬ፣ በረደዎ?" አልኳቸው።

"አይ ልጄ፣ ፈርቼ ነው። ዋና አልችልም እኮ" አሉኝና ጥርሳቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይኼ ነው። ልጅ ነኝና ትልቅ ሰው፣ ያውም ቄስ፣ አይፈራም ባይ ነበርኩ። ፈርተው ሳለ መውረዳቸው ግን ጭራሽ ልቤን አሞቀው፤ ማልቀሴን ተውኩ፣ እናቴም ትከሻዋ ሲረግብ አየሁ።

ከላይ የእትዬ ጥሩዬ ድምፅ ተሰማ። "ኧረ የሰው ያለህ! መምሬ ውጭ ተቀምጠው እኛ ውስጥ ምን እንሠራለን?" ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ድረስ ሰብስበው፣ እየተሳደቡም እያማተቡም ወረዱና በእናቴ በሌላው ጎን ዘፍ አሉ። ባለ በርጩማውም ሽማግሌ ወረዱ፣ በርጩማው ውኃው ላይ ሊንሳፈፍባቸው እየታገሉ። አንድ ሁለት እያለ ሰው ወረደ። ውኃው እየጨመረ ሳለ ግማሹ መንደር ደረቁን ትቶ ደረጃው ላይ ተኮለኮለ፤ እብደት ነው እኮ።

እትዬ ጥሩዬ እናቴን በክርናቸው ጎሰም አደረጓት። "ምን ይሉኛል ብለሽ ነው አይደል? በዚህ አገር ከእኔ ሌላ ማን ይላል? እኔ ደግሞ ይኸው ውኃ ውስጥ ነኝ። ተነሺ ልጄ፣ ሁላችንንም ልታስጨርሽን ነው?"

እናቴ ሳቋና ልቅሶዋ ተደባለቀባት። ተነሣች፤ በአንድ በኩል መምሬ፣ በሌላው እትዬ ጥሩዬ ይዘዋት ደጀ ሰላሙን አለፈች፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሳትጠጋ አጥሩ ጥግ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጠችና ልጅቷን አጠባች። ሳይመሽ ያ የተቀመጥንበት ደረጃ በውኃ ተውጦ አልታይ አለ። አባቴ በማግስቱ በታንኳ መጣ፤ ቤታችን ፈርሶ፣ ጉድጓዱ በጭቃ ተደፍኖ የት እንደነበር እንኳ ሳይለይ ቀርቶ፣ እሱ ግን ሦስታችንን ሲያይ መሬት ሳመ። እኅቴም በሰማንያ ቀኗ ተጠመቀች፣ የክርስትና እናቷ እትዬ ጥሩዬ ሆኑ። ስለዚያ ቀን ደግሞ አንድም ክፉ ወሬ ወረታ ገበያ ላይ አልተሰማም።

አሁን መምሬም የሉ፣ እትዬ ጥሩዬም የሉ፣ እናትና አባቴም እዚያው ወይራው አካባቢ አርፈዋል። እኅቴ ቁሐር አለች፤ ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ደኅንነቷን አላውቅም፣ መንገዱም ዝግ ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ አይንቀጠቀጥም። ያጣሁትን ልመዝን ብል ቤቱ አይደለም፣ ሰዎቹም ብቻ አይደሉም፤ ሞት ያለ ነው። ያጣሁት ያንን መንቀጥቀጥ ነው። እነዚያ ሰዎች ፍርሃት ስለነበራቸው የእግዜርን ቃል የሚይዙበት እጅ ነበራቸው፤ እኔ ቃሉን በልቤ አውቀዋለሁ፣ የምይዝበት እጅ ነው የደነዘዘብኝ።

እዚህ ድረስ ጽፌ ባቆምኩ ማግስት፣ ከሰዓት እንደገና ተተኮሰ። እኔ ሩዝ እየለቀምኩ ነበር። መንገድ ሲዘጋ እኔ ዘንድ የቀረች የልጄ ልጅ አለች፣ ሰሎሜ፣ ገና ትምህርት መጀመሯ ነው፤ ሮጣ አልጋ ሥር ገባች። ጥቂት ቆይታ ከዚያው ሆና "እምዬ፣ አንቺ የማትፈሪ እግዚአብሔርን ስለምታምኚ ነው አይደል?" አለችኝ።

አዎ ብላት ውሸት ነው። አይደለም ብላት ደግሞ ምን ይዛ ትቀራለች? ጥርሷ ሲንገጫገጭ እሰማለሁ። ሰፌዱን አስቀመጥኩና ወለሉ ላይ ተንበርክኬ እየተጎተትኩ ገባሁ፤ በኔ ዕድሜ አልጋ ሥር መግባት ቀልድ አይደለም፣ ወገቤ ተንቋቋ፣ ሻሼ ሽቦ ላይ ተያዘ።

"ምን ልትሠሪ ገባሽ?" አለችኝ ተገርማ።

"ካንቺ ጋር ልሆን።"

ደረቴ ላይ ተለጠፈች። ሌላ ተኩስ ተሰማ፣ ይኼኛው ቀረብ ያለ ነው። አብሬሽ አለሁ ብሏል አልኳት፣ ደግሜም አልኳት፣ ምንም ሳይሰማኝ። ልጅቷ ቀስ በቀስ መንሰፍሰፏን ተወች፣ ትንፋሿ ረጋ፣ እጇ አንገቴ ላይ ከበደ። ያን ጊዜ ነው የኔ ጉልበት መንቀጥቀጥ የጀመረው።