ቅዳሜ ጠዋት በጨርቅ ሱቁ

በእነዚያ ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ታክሲ እነዳ ስለነበር፣ ቅዳሜ ጠዋት ለእኔ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ እንቅልፍ ነበር። የመጨረሻውን ተሳፋሪ አድርሼ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማችን ስደርስ ባለቤቴ ልጃችንን አልብሳ፣ ጸጉሯን ጎንጉናላት፣ ቦርሳዋን ይዛ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ሻይዬን ቆሜ እጠጣለሁ። ከዚያ መኪናውን አዙሬ ከወንዙ ማዶ ወዳለችው ከተማ፣ ወደ አሌክሳንድሪያ እንሄዳለን። ወንዙ ላይ ጭጋግ ያረፈ ቀን የድልድዩ መጨረሻ አይታይም። ልጄ ከኋላ ሆና ለራሷ በእንግሊዝኛ ታወራለች። ባለቤቴ ጭኗ ላይ ትናንሽ ጨርቆች ዘርግታ አንዱን ወደ አንዱ እያስጠጋች ታያለች። እኔ ብቻዬን የነቃሁ ይመስል መሪውን ይዣለሁ፤ ግን ከሦስታችን ለሕልም የቀረብኩት እኔ ነበርኩ።

የምንሄደው ጨርቅ ሱቅ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ልጃችን የተወለደች ጊዜ ነው። ባለቤቴ የምትሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ነጭ አንሶላ ስታጥፍ ትውላለች። አብራት የምትሠራ አንዲት አሜሪካዊት ለሕፃኗ ብላ በእጇ የሰፋችውን ኩዊልት አመጣችላት። እኔ ስሙንም አላውቀው። ከትናንሽ ቁርጥራጮች የተገጣጠመ፣ በመሃሉ ስስ ጥጥ የገባበት፣ ከሥሩ ገበር የተደረገለት የአልጋ ልብስ ነው። ገለባብጬ አየሁትና፣

"ይሄ እኮ ድሪቶ ነው" አልኳት።

"ድሪቶማ ያረጀ ልብስ ሲጣጣፍ ነው" አለችኝ። "ይሄ አዲስ ጨርቅ ነው። ሆን ብለው ቆራርጠው መልሰው የሰፉት።"

"ደህናውን ጨርቅ ለምን ይቆራርጡታል?"

ኩዊልቱን ከእጄ ወስዳ አጠፈችው። ከዚያ በኋላ ግን ለሥራ ልወጣ ስል ያንን ኩዊልት አልጋው ላይ ዘርግታ የስፌቱን መንገድ በጣቷ ስትከተል አገኛታለሁ። ጥቂት ወራት ቆይታ አሮጌ የስፌት መኪና ከሰው ገዛችና መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠችው።

ሱቁን ያገኘችው በእኔ ምክንያት ነው። አንድ ቀን ታክሲዬን አሌክሳንድሪያ መካኒክ ዘንድ አቁሜ ስጠብቅ፣ እሷ ልጃችንን በጋሪ እየገፋች እግሯን ልታፍታታ ወጣች። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ሆኖ ነበር። "ና ላሳይህ" አለችኝ። በጡብ የተነጠፈ የእግር መንገድ ዳር ያለች ጠባብ ሱቅ ነች። ከወለል እስከ ጣሪያ ጣቃ ጨርቅ ተደርድሮባታል። ቀለሙ ከበሩ ጀምሮ ቀስ እያለ ይለወጣል፤ ክሬሙ ወደ ቢጫ፣ ቢጫው ወደ ብርቱካን እያለ፣ ጥግ ላይ ስትደርስ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ጸጉራቸው ሙሉ ለሙሉ የነጣ ሴትዮ ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ቆመው ጨርቅ ይቆርጣሉ። ባለሱቋ እሳቸው ነበሩ።

እኔ ዋጋውን አየሁና ባለቤቴን በአማርኛ፣ "ቤታችን አጠገብ ያለው ትልቁ ሱቅ እኮ በየሳምንቱ ዋጋ ይቀንሳል፤ ሴል አለው" አልኳት። "ጥጥ ያው ጥጥ ነው።"

እውነቴን ነበር። እሷም አልተከራከረችኝም። ለብዙ ጊዜ ከዚያ ትልቅ ሱቅ ገዛች። ፓርኪንጉ ሰፊ ነው፤ ጨርቁ እንደ ልብ ነው፤ ተራ ቁጥር ይዘህ ትጠብቅና ተራህ ሲደርስ ቆርጠው ይሰጡሃል። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስገባ፣ "አሌክሳንድሪያ ውሰደኝ" አለችኝ።

"ምን ፈልገሽ?"

"እዚያ ሴትዮዋ ምን ልትሠሪበት ነው ብለው ይጠይቁኛል።"

"እና ቢጠይቁሽስ?"

"እና እመልስላቸዋለሁ" አለች። "ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ የምናገረው እንግሊዝኛ እሺ እና ጨረስኩ ብቻ ነው። እዚያ ስለ ቀለም አወራለሁ።"

የመኪናውን ቁልፍ መልሼ አነሣሁ። ተስማማን፤ ብዙ ጨርቅ የሚፈጀውን ገበሩንና የመሃሉን ጥጥ ከርካሹ ሱቅ፣ ከላይ የሚታየውን ደግሞ ከትንሿ ሱቅ፣ በጥቂት በጥቂቱ። አንድ ቀን ይህንኑ ለባለሱቋ እየተሽኮረመመች ነገረቻቸው። እሳቸውም ዝቅ ብለው፣ "ገበሩን እኔም ብሆን እዚያው ነው የምገዛው፤ ለማንም እንዳትነግሪ" አሏት።

በሱቁ መስኮት ሥር ሁለት ያረጁ ባለመደገፊያ ወንበሮች ነበሩ። ሚስቶቻቸውን የሚጠብቁ ባሎች የሚቀመጡባቸው ናቸው። እኔ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ይወስደኛል። ፀሐይዋ በመስታወቱ ገብታ ጉልበቴን ታሞቀዋለች። ባለሱቋ ጣቃውን ጠረጴዛው ላይ ሲገለባብጡት ዱብ፣ ዱብ ሲል ይሰማኛል፤ ከዚያ ረጅሙ የመቀስ ድምፅ፤ ከዚያ የሴቶቹ ወሬ። ወሬው ቀስ በቀስ ቃል መሆኑ ይቀርና እንደ ዝናብ ይሆናል። የማያቸው ሕልሞች ሁሉ ጨርቅ ነበሩ። አንዴ ታክሲዬን ስነዳ መንገዱ አበባ ያለበት አረንጓዴ ጨርቅ ሆኖ፣ ጎማዎቼ ምንም ድምፅ ሳያሰሙ ከሥሬ ሲተጣጠፍ አየሁ። አንዴ ደግሞ ተሳፋሪዬ ነጭ አንሶላ ነበር፤ ታጥፎ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አቅጣጫ ይነግረኛል። ስነቃ ልጄ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የወደቁ ብጣሾችን በየቀለማቸው ትደረድር ነበር።

ሁለተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡት አንድ ረጅም ሽማግሌ ነበሩ። ጡረታ የወጡ፣ ሁልጊዜ ጋዜጣ የያዙ። ሚስታቸው ድምፃቸው ጎላ ያለ ሴት ነበሩ፤ ከባለሱቋ ጋር በቀለም ሳይጨቃጨቁ አይወጡም። ከሽማግሌው ጋር ለረጅም ጊዜ ሰላምታ ብቻ ነበር የምንለዋወጠው። አንድ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ፀሐይዋ ፊቴ ላይ እንዳታርፍ ጋዜጣቸውን ከፍ አድርገው ይዘውት አየሁ። እያነበቡም አልነበረም።

"ሌሊት ነው የምትሠራው?" አሉኝ።

"አዎ፤ ታክሲ ነው።"

"እንግዲያው ተኛ። ገና ቢጫው ላይ ናቸው" አሉኝ በአገጫቸው ወደ ሴቶቹ እያመለከቱ።

ከዚያ በኋላ በእንቅልፌ መሃል ወዳጆች ሆንን።

አንድ ክረምት ላይ፣ በረዶ የበዛበት ጊዜ ነበር፣ ለብዙ ቅዳሜዎች ሁለቱም ጠፉ። ከዚያ ሽማግሌው ብቻቸውን መጡ። ኮታቸውን ሳያወልቁ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ጋዜጣውን ዘረጉ፤ ባለሱቋ ሻይ አመጡላቸው። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚሁ። ሚስታቸው አሟቸው ቤት የቀሩ መስሎኝ፣ "እንዴት ናቸው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"አረፈች" አሉኝ። ጋዜጣቸውን አጠፉና፣ "ቅዳሜ ጠዋት ሌላ የምሄድበት ቦታ ስለማላውቅ ነው የምመጣው" አሉ።

ያን ቀን አልተኛሁም። እስክንሄድ ድረስ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በእኛ አገር ቢሆን ቤታቸው ሰው ሞልቶ ምግቡ በየዓይነቱ ይቀርብ ነበር። ለባለቤቴ ነገርኳት፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳቦ ጋግራ፣ በፎጣ ጠቅልላ አመጣችላቸው። ሱቁ ውስጥ ያለነው ሁሉ ቆርሰን በላን።

ፀደዩ ሲገባ ሽማግሌው ባለቤቴን ቤታቸው ጠሯት። ሦስታችንም ሄድን። ከሱቁ ሩቅ አይደለም። ከቤቱ ሥር መሬት ውስጥ ወዳለው ክፍል፣ ወደ ቤዝመንቱ ይዘውን ወረዱና መብራቱን አበሩት። ግድግዳው ሁሉ መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያው ሁሉ ጨርቅ፤ ታጥፎ፣ በቀለም በቀለሙ ተለይቶ፣ አብዛኛው መቀስ ያልነካው። ሱቋ ራሷ መሬት ውስጥ ገብታ ሌላ ሱቅ የወለደች መሰለኝ። የጥድ እንጨት ሽታ አለው።

"ውሰጂው" አሏት። "የቻልሽውን ያህል።"

ባለቤቴ ወዲያው አልነካችውም። "ለባለሱቋስ ቢመልሱላቸው?" አለቻቸው።

"ጠየቅኳት። አንድ ጊዜ የሸጥኩትን መልሼ አልሸጥም አለችኝ። ለአንቺ እንድሰጥ የመከረችኝም እሷ ናት።"

እኔ በአማርኛ ቀስ ብዬ፣ "እንግዲህ ጨርቅ መግዛት ቀረልሽ፤ አሌክሳንድሪያም መመላለስ ቀረ" አልኳት።

ባለቤቴ ዘወር ብላ እንኳን አላየችኝም። አንዱን አረንጓዴ ጨርቅ ከመደርደሪያው አውርዳ ብርሃኑ ሥር ይዛ፣ "ክር ያስፈልገኛል" አለች። "ክር በየሳምንቱ ያልቃል።"

ጨርቁ የታክሲውን የጭነት ቦታ ሞላው፤ ከዚያ የኋላ ወንበሩን ሞላው። ልጄ አንገቷ ድረስ በጨርቅ ተከብባ እጇን አውጥታ ለሽማግሌው እያውለበለበች ሄድን። ድልድዩ ላይ መስኮት ከፍተን ነበር። ነፋሱ ሲገባ ጨርቆቹ ከኋላዬ ጠርዛቸው ይርገበገባል፤ በመስታወቱ ሳያቸው መኪናው ሊነሣና ወንዙን በራሱ ሊሻገር ያለ መሰለኝ።

ባለቤቴ ያን ዓመት ከሥራ በተረፋት ሰዓት ሁሉ ሰፋች። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ በፊቱ ሱቁ እንሄዳለን፤ ክር ትገዛለች፤ አንዳንዴ አንዲት ጠባብ ቁራጭ። ጨርቁን ያለ ዋጋ አግኝታ፣ እዚያው አምጥታ በባለሱቋ ጠረጴዛ ላይ መቁረጧ ይከብዳት ጀመር። ለባለሱቋ ይህንን ስትነግራቸው፣ "ሁሉም ከዚህ ነው የወጣው። ተመልሶ ሲመጣ ማየት ደስ ይለኛል" ብለው ቁረጣቸውን ቀጠሉ።

ኩዊልቱ ሲያልቅ በአንሶላ ጠቅልላ ሱቁ ይዛው ሄደችና ለሽማግሌው ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ከሚስታቸው ጨርቅ ለእሳቸው የሠራችው ነው። ገለጡት። እጃቸውን ከአንዱ ቁራጭ ወደ አንዱ እያሳለፉ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ግን የደስታ አይመስልም።

"አንዱንም አላውቀውም" አሉ። "ስንት ዓመት እዚህ ተቀምጬ ጋዜጣ ሳነብ፣ ምን እንደምትገዛ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁም።"

ባለቤቴ ያጠፋች መስሏት እኔን አየችኝ።  ባለሱቋ መቀሳቸውን አስቀመጡ፤ ከጠረጴዛው ኋላ ወጥተው በርጩማ ስበው አጠገባቸው ተቀመጡና መነጽራቸውን አጠለቁ።

"ይሄ ሰማያዊ" አሉ ጣታቸውን አሳርፈው፣ "ልጃችሁ ልታገባ ስትል ሚስትህ የገዛችው ነው። ለመወሰን ቅዳሜ በቅዳሜ ተመላልሳብኛለች። ይሄን ደግሞ አስቀያሚ ነው ስላት በእልህ ገዛችው። እውነትም አስቀያሚ ነው፤ እየው።"

ሽማግሌው በእንባቸው መሃል ሳቁ።

"ይሄ ባለወፉ ለወጥ ቤታችሁ መጋረጃ የተረፈው ነው።"

"መጋረጃውን አስታውሰዋለሁ" አሉ ሽማግሌው ቶሎ ብለው። "ቆይ፣ ቆይ፤ መጋረጃውንስ አስታውሰዋለሁ።"

እንደዚህ እያሉ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ሄዱ። የመጣ ገዢ ሁሉ ቆሞ ይሰማል፤ ማንም ቁረጡልን አላለም። ባለቤቴ የእኔ ወንበር የክንድ መደገፊያ ላይ ተቀምጣ እጄን ይዛ ነበር። በሰፋችበት ጊዜ ሁሉ ጨርቁ የማን ታሪክ እንደሆነ ሳታውቅ ሰፍታው፣ አሁን እንደ ሌላ ሰው ሥራ እያየችው ነበር። እኔም ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ጨርቅ ማየት ጀመርኩ። መተኛቴ አልቀረም፤ ግን ከመተኛቴ በፊት ባለቤቴ ምን እንዳነሣች አያለሁ።

ሽማግሌው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልጃቸው ዘንድ፣ ሌላ ስቴት ሄዱ። ኩዊልቱን ይዘውት እንደሄዱ ባለሱቋ ነገሩን። እሳቸውም ደከሙ፤ ኪራዩም ጨመረ። ሊዘጉ ሲሉ መስኮቱ ላይ የዋጋ ቅናሽ ለጠፉ። አይተናቸው የማናውቅ ሰዎች እስከ ጎዳናው ተሰለፉ። ባለቤቴም ተሰለፈች። ርካሽ ስለሆነ መግዛቷ ደስ ይላት ነበር፤ በዚያው ልክ ደግሞ ያሳዝናት ነበር፤ ሁለቱንም አልደበቀችም። ተራዋ ሲደርስ ባለሱቋ ከለካችው አስረዝመው ቆረጡላት፤ ተቃቀፉ፤ ከኋላዋ ያለችው ሴት ጣቃዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

አሁን ባለቤቴ ጨርቅ በስልኳ ታዝዛለች፤ ከትልቁ ሱቅም ትገዛለች። በአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ለወለዱ እናቶች የሚሰፉ ጥቂት ሴቶችን ሰብስባለች። ከየት እንግዛ ሲሏት፣ "ካገኛችሁበት" ትላቸዋለች።

ልጃችን ኮሌጅ ስትገባ እናቷ ለአልጋዋ አንድ ትልቅ ኩዊልት ሰፋችላት፤ ከሱቁ የቀረውም፣ በሴል የተገዛውም ተደባልቆ። በመጀመሪያው ወር ልጅቷ ኮል አደረገችና በእንግሊዝኛ፣ "ማሚ፣ በሙቅ ውኃ አጠብኩት፤ ነጩ ሁሉ ሮዝ ሆነ" አለቻት።

"ርካሹ ጨርቅ ይሆናል የለቀቀው" አልኩ እኔ ከጎን።

ለበዓል ስትመጣ ይዛው መጣች። ባለቤቴ መስኮቱ ጋ ወስዳ ቁራጩን አንድ በአንድ መረመረችው። የለቀቀው ከአሌክሳንድሪያ፣ በሙሉ ዋጋ የተገዛው ቀይ ነበር። ርካሾቹ ንቅንቅ አላሉም። ባለቤቴ ሳቀች፤ እየሳቀች ሶፋው ላይ ተቀመጠችና ኩዊልቱን እግሯ ላይ ጣለችው። ነጭ የነበረው ሁሉ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ደመና የሚይዘውን ቀለም ይዟል። ልጄ ይቅርታ ልትጠይቃት ጀመረች።

"ተይው" አለቻት እናቷ። "እኔ ነጩን ስመርጥ እርግጠኛ አልነበርኩም።"

ልጄ ከጎኗ ገብታ ጫፉን ወደ ራሷ ሳበች። ወዲያው ሁለቱም ስለ እራት ማውራት ጀመሩ።