በቶር ፒኛታራ ያነጠፍነው ጀፎረ

ባለፈው ሳምንት ሐኪሜ ጉልበቴን ነካክቶ «በየቀኑ በእግርሽ ሂጂ» አለኝ። «የት ላይ?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀ። ደሜ ፈላ። እሱ የሚኖርበት ሰፈር የብስክሌት መንገዱ ቀለም በየጊዜው ይታደሳል፤ እኛ ሰፈር እግረኛው ዛሬም ከመኪና ጋር ይጋፋል።

ሮም የመጣሁት በደርግ ዘመን፣ ገና ልጅ እግር ሳለሁ ነው። ቶር ፒኛታራ በሚባለው ሰፈር ከእትዬ ለተብርሃን ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እሳቸው አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ቁጡ ግን ደግ ሴት ነበሩ። ለዓመታት በአሠሪዎቻቸው ቤት እያደሩ ከሠሩ በኋላ፣ ማታ ማታ የራሳቸውን በር ዘግተው መተኛት ከጀመሩ ገና ብዙ አልቆዩም።

ከቤታችን እስከ ትራሙ ፌርማታ የእግረኛ መንገድ አልነበረም። በብርዱ ወራት ዳር ዳሩ ይጨቀያል፤ ከጭቃው ስንሸሽ መኪና፣ ከመኪናው ስንሸሽ ጭቃ። አንድ ዝናባማ ጠዋት መኪና ገጭቷቸው የእትዬ እግር ተሰበረ። ከዳኑም በኋላ እያነከሱ ሥራ ይዘገዩ ጀመር። አሠሪያቸው «በጋው እስኪያልፍ እታገስሻለሁ፤ ከዚያ ወይ እዚሁ እያደርሽ ትሠሪያለሽ፣ ወይ ሌላ እፈልጋለሁ» አሏቸው። በእኚያ ሴትዮ ሰፈር ደግሞ ምንም ያልሆነው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተነቅሎ እንደ አዲስ ይነጠፍ ነበር!

ማዘጋጃ ቤት ሄደን አመለከትን። «ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ መሐንዲስ እንልካለን» አሉን። ወራት አለፉ፤ የመጣ የለም።

አባ ኃይሌ የሚባሉ፣ ለትምህርት የመጡ የጉራጌ ቄስ ነበሩ። ከቅዳሴ በኋላ ጉዳያችንን ሰምተው «በእኛ አገር ጀፎረውን፣ ያን በየቤቱ ደጃፍ የሚያልፈውን ሰፊ የመንደር መንገድ፣ የሚጠብቀው ሰፈርተኛው ነው። እናንተ ማንን ነው የምትጠብቁት?» አሉን።

በሚቀጥለው እሑድ ለደቦ ወጣን። ወንዶቹ ከሚሠሩበት ግንባታ የተጣለ ስባሪ ሸክላና ጠጠር አመጡ፤ እኛ በአካፋ ደለደልን። አንዱ «ከቀበሌ የእሑድ ዘመቻ አምልጠን መጥተን!» ሲል በሳቅ ፈረስን። ፀደይ ነበርና ፀሐዩ ደስ ይላል። በበርበሬ የተለወሰ ፓስታ ቆመን በላን። ሥራው ሲያልቅ እትዬ ከዘራቸውን ይዘው ቀድመው ሄዱበት፤ እልልታችን የሰፈሩን መስኮት ሁሉ አስከፈተ። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

መሐንዲሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጠጠሩን በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገና «አሎራ፣ እንግዲህ እናንተማ መንገድ አላችሁ። ለሌላ ሰፈር ይሁን» አለ።

«ይሄ የእኛ ድካም ነው እንጂ የእናንተ ሥራ አይደለም!» አሉት እትዬ። ሰውየው ትከሻውን ሰብቆ ሄደ።

ብርዱ ሲመለስ ዝናቡ ጠጠራችንን ጠራርጎ ወሰደው፤ እትዬም ተመልሰው አሠሪያቸው ቤት ገቡ። ሻንጣቸውን ተሸክሜ በጭቃው ዳር ቀስ እያልን ሸኘኋቸው። «አባን እንዳትወቅሺ፣ አገራቸው መስሏቸው ነው» አሉኝ።

አሁን ሳስበው አባም አልተሳሳቱም። ጀፎረ የሚያምረው ለሁሉም ደጃፍ እኩል ስለሚደርስ ነው። ሮም ውስጥ ግን የእኛ ድካም ከከተማው የሚደርሰን ድርሻ ሆኖ ተቆጠረብን። ስለዚህ ሰው ዛሬም «ድሆቹ ራሳቸውን ይችላሉ» ብሎ ሲያደንቀን ደስ አይለኝም። እትዬ ለተብርሃን ራሳቸውን የቻሉ ሴት ነበሩ፤ ያጡት የሚሄዱበትን መንገድ ነው።