የሲስተር ከተማና የልጄ ደም

ሐሙስ ሐሙስ ከቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ጥቂቶቻችን ሆሳዕና ወደነበረው የሚሲዮን ክሊኒክ እንሄድ ነበር። ታጥቦ የደረቀ ፋሻ እንጠቀልላለን። ክፍያ የለውም። እግዚአብሔር ጤና ስለሰጠኝ የማመሰግንበት ሥራ አድርጌ ነበር የያዝኩት። አማቴም፣ የባለቤቴ እናት፣ አብረውኝ ይመጡ ነበር። ዐይናቸው ደክሞ ስለነበር ፋሻውን በመዳሰስ ይጠቀልላሉ፤ የእሳቸው ከሁላችንም ይልቅ ይጠብቅ ነበር።

ጊዜው የጃንሆይ ጊዜ ነው። ባለቤቴ በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ያስተምራል። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ሌሞ ውስጥ ነበር። ያኔ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረችን።

ክሊኒኩን የምትመራው ነርስ ከካናዳ የመጣች ነበረች። ሲስተር እንላታለን። አንቺ በሉኝ ብላ ስለለመነችን አንቺ አልናት። እሷ ግን አማርኛን የተማረችው አዲስ አበባ በመጽሐፍ ነውና፣ ለሁሉም እርስዎ ትላለች። ለልጄም ጭምር። «አፍዎን ይክፈቱ» ስትላት ልጄ ዞር ብላ ሌላ ሰው ትፈልግ ነበር።

ፋሻ የምንጠቀልልበት ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ተለጥፏል። ከአውሮፕላን ላይ የተነሣ ነው። በአንድ በኩል ዳር የሌለው ውኃ። በሌላው በኩል ቤት፣ ከዚያም ቤት፣ ከዚያም ቤት። ቤቱ የሚያልቅበትን ቦታ በዐይኔ ፈለግሁ። ፎቶግራፉ አለቀ እንጂ ቤቱ አላለቀም።

«ይህ አገርሽ ነው?» አልኳት አንድ ቀን።

«ከተማዬ ነው። ቶሮንቶ ይባላል።»

ድሮ አንድ ከተማ ብቻ ነበር አለች። በዙሪያው ሌሎች ከተሞች ነበሩ፤ የየራሳቸው ስምና የየራሳቸው ከንቲባ ያላቸው። በመካከላቸው እርሻ ነበረ። ሰው በዛ፣ ቤት በዛ፣ እርሻው ጠፋ። አሁን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲኬድ መለያየታቸው የሚታወቀው መንገድ ዳር በተተከለ ሰሌዳ ነው። ውኃውም መንገዱም የጋራ ስለሆነ ከሁሉም በላይ አንድ ትልቅ ሸንጎ አቁመዋል።

«እንግዲያው ሆሳዕና አድጋ፣ ሆመቾም አድጋ፣ አንጋጫም ዱራሜም አድገው፣ አጥር ለአጥር እንደመገናኘት ነው» አልኩ።

አብራን የምትሠራ የአንጋጫ ሴት ነበረች። ከምባታ ናት፤ ነገር ሳትጥል አትውልም። «ልክ ነው። አንጋጫ ሆሳዕናን ትውጣታለች» አለች።

«አንጋጫ?» አሉ አማቴ ፋሻቸውን ሳይለቁ። «በመጀመሪያ ያንን ገደላችሁን ውጣችሁ ጨርሱ።»

ሲስተር እኛ ስንስቅ ሳቀች። ሕዝቡ ስንት ነው ብለን ስንጠይቃት ከሚሊዮን በላይ ነው አለች። ሚሊዮን የሚለውን ቃል ከባለቤቴ አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ነገር ግን ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሲስተር ጥቂት አሰበች።

«የሆሳዕናን ገበያ ያውቁታል። እዚያ ገበያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ሽንኩርት የምትሸጠውም፣ በሬ የሚጎትተውም፣ እያንዳንዱ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ምእመን አስከትሎ ቢመጣ ነው።»

እኔ በልቤ አንዷን ሽንኩርት ሻጭ ወስጄ ከኋላዋ የእኛን ቤተ ክርስቲያን አሰለፍኩ። ከዚያ ቀጥሎ ያለችውን ሻጭ ወሰድኩ፤ ከኋላዋ ሌላ። ሦስተኛዋ ላይ ደከመኝ። እግዚአብሔር የእያንዳንዱን ስም ያውቃል የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ አምነዋለሁ። ትልቅነቱ የገባኝ ግን ያን ቀን ፋሻ ይዤ ነው።

አማቴ የሚያስጨንቃቸው ብዛቱ አልነበረም። እኛ ዘንድ ሰው ሲተዋወቅ የማን ልጅ ነህ፣ የማን ጎሳ ነህ ይባባላል፤ ያ ካልታወቀ ወሬ አይጀመርም።

«የማን ልጆች ናቸው?» አሉ።

«ከየአገሩ የመጡ ናቸው፣ እማማ። ከእንግሊዝ፣ ከአየርላንድ፣ ከፖላንድ፣ ከግሪክ፣ ከቻይና፤ አይሁድም አሉ። ጣሊያን እጅግ ብዙ ነው።»

«ጣሊያን?» አለች የአንጋጫዋ። «እዚያም ደረሰባችሁ? በመድፍ ነው የመጣው?»

«በአካፋ ነው የመጡት። ቤት ይሠራሉ፣ መንገድ ይቆፍራሉ።»

«አንቺስ የማን ነሽ?» አሉ አማቴ።

«አባቴ ከስኮትላንድ ነው የመጣው። የእናቴ ወላጆች ከአየርላንድ ናቸው። እኔ ግን የቶሮንቶ ነኝ።»

«ቶሮንቶ ማነው? አባታችሁ ነው?» አማቴ ቶሮንቶ ያን ሁሉ ሕዝብ የወለደ የጥንት ሰው መስሏቸው ነበር። የእኛ ጎሳዎች የሚጠሩት በአባት ስም ነውና። የቦታ ስም ብቻ መሆኑን ስትነግራቸው ፋሻው ከእጃቸው ወደቀ። «አባት ሳይኖራቸው አንድ ሆኑ?»

«ይጣላሉም። ለእገሌ ዘር ቤት አላከራይም የሚል አለ። በየመንገዱ የሚሰዳደቡ አሉ። ግን የሚጠጡት ውኃ አንድ ነው፤ ሲታመሙም አንድ ሆስፒታል ይተኛሉ።»

«መሬቱስ? ከእናንተ በፊት የማን ነበር?»

ሲስተር ፎቶግራፉን አየች። «ከእኛ በፊት ሰዎች ነበሩበት። ዛሬም አሉ፤ ጥቂት ናቸው። ወሰድንባቸው።»

አማቴ ፋሻውን ከመሬት አንሥተው አራገፉት። «ይህንንስ እናውቀዋለን» አሉ በቀስታ።

በዚያው ዓመት በመኸር ወራት እኅቴ ወልዳ ሾኔ ልጠይቃት ሄድኩ። ልጄን ይዣት ነበር። ሾኔ ቆላ ነው፤ ወባ አለበት። ተመልሰን ብዙም ሳንቆይ ትኩሳት ያዛት። መድኃኒት ተሰጣት፤ ትኩሳቱ ወረደ፤ ልጄ ግን አልተነሣችም። መዳፏ እንደ ቡላ ነጣ። አንድ ቀን ጠዋት ስጠራት ዐይኗን ገለጥ አድርጋ መልስ ሳትሰጠኝ ከደነችው። በጋሪ ይዘናት ወደ ክሊኒክ ሮጥን።

ሲስተር የዐይኗን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጋ አየች። «ወባው ደሟን ጨርሶታል። ደም ካላገኘች ዛሬን አታልፍም።»

እኔ እጄን ዘረጋሁ። ባለቤቴም ዘረጋ። ሲስተር ከየአንዳንዳችን ጠብታ እየወሰደች በብርጭቆ ቁራጭ ላይ ከልጄ ደም ጋር አገናኘችው። የእኔ እንደ ረጋ ወተት ተቆራረጠ። የባለቤቴም ተቆራረጠ።

«እናትና አባቷ ነን!» አለ ባለቤቴ። «እኛ ካልሆንን ማን ይሆናል?»

«እንዲህ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጥፋት የለብዎትም።»

አማቴ ክንዳቸውን ገልጠው ቀረቡ። «ይኸው የእኔን ቅጂ። እኔ ከእንግዲህ ምን ይሠራልኛል?» ሲስተር ዕድሜያቸው ስለገፋ አይሆንም አለቻቸው፤ እጃቸውን ግን ወዲያው አልለቀቀችም። አብረውን ከመጡት ከባለቤቴ ወንድሞች አንደኛው ተሞከረ፤ አልሆነም። ሌላኛው በሬውን ፈትቶ እንደመጣ ትዝ ብሎት ሄደ። አልፈርድበትም። ደሙን የሰጠ ሰው ዓመት አይደርስም ይባል ነበር።

በረንዳው ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ ነበር። ሸክላ ሠሪ ናት። ሸክላ ስትተኩስ የተቃጠለ እጇን ልታሳሽግ የመጣች ናት። የአገራችን ሰው እነሱን የሚጠራበት ስም አለው፤ እዚህ አልጽፈውም። ከሰው ቤት አይገቡም ነበር። ማሰሮ ይዘው ሲመጡ ከደጅ ነው የሚቆሙት፤ ምግብ ከተሰጣቸውም በእንሰት ቅጠል ነው፣ ሳህን እንዳይነኩብን።

ሴትዮዋ ከበሩ ውጭ ቆማ፣ «የእኔን ሞክሩት» አለች።

የአገራችን ሰው የሆነው፣ ቁስል የሚያሽገው ድሬሰር እንዳልሰማ ጠርሙስ ማጠብ ቀጠለ። ሲስተር ግን ሰምታለች። «ይግቡ» አለቻት። ሴትዮዋ ከኋላዋ ሌላ ሰው ያለ መስሏት ዞረች፤ ልክ እንደ ልጄ።

የእሷ ደም ከልጄ ደም ጋር ተገናኘና ዝም ብሎ ተኛ። አንድ ቀይ ጠብታ ሆነ።

«አይሆንም» አሉ አማቴ።

«እናቴ…» አለ ባለቤቴ።

«አይሆንም አልኩ! ነገ ስታድግ ማን ያገባታል? ዘሯን ሲጠይቁ ምን ልንል ነው?»

ሸክላ ሠሪዋ አንገቷን ደፍታ ወደ በሩ ሄደች። ባለቤቴ አንዴ እናቱን፣ አንዴ ልጁን ያያል። ሲስተር በሩን በጀርባዋ ዘግታ ቆመች። ያን ቀን ቃል እየፈለገች አልተናገረችም።

«እማማ፣ እኔ ተማሪ ሳለሁ ሆዴን ተቀድጄ ነበር። ደም ብዙ ፈሰሰኝ። የሌላ ሰው ደም በጠርሙስ ተሰጠኝና ዳንኩ። ጠርሙሱ ላይ የደሙ ዓይነት ብቻ ነው የተጻፈው። የማን እንደሆነ አልተጻፈም። ስድን በከተማችን ባቡር ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ባቡሩ ሰው ሞልቶበታል። ጫማው ላይ ሲሚንቶ የደረቀበት ጣሊያን ነበረ። ሻሽ ያሰረች የዩክሬን አሮጊት ነበረች። አንድ ሽማግሌ ቻይናዊ ተቀምጦ ያንቀላፋል። አንዲት ጥቁር ሴት ልጇን አቅፋለች። ሁሉንም አንድ በአንድ አየኋቸው። ይሄ ይሆን? እሷ ትሆን? እላለሁ። እስከዛሬ አላውቅም። ያን ሁሉ ሕዝብ ሳይ፣ ከእነዚህ አንዱ እኔ ውስጥ አለ እላለሁ። ስለዚህ አንዱንም መናቅ አልችልም።»

የልጄ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፤ እሱም እየራቀ ነበር።

ያ ፎቶግራፍ በተከፈተው የውስጥ በር በኩል ይታየኝ ነበር። ያ ሁሉ ቤት። በገበያው ሰው ኋላ የተሰለፈው ያ ሁሉ ሕዝብ። ማን ለማን እንደሰጠ ሳይተዋወቁ በአንድ ባቡር የሚሄዱት። እግዚአብሔር ሰውን ከአንድ ደም ፈጠረ ሲባል በስብከት ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! እዚህ በብርጭቆ ቁራጭ ላይ በዐይኔ አየሁት።

«ሲስተር፣ ስጪያት» አልኩ።

አማቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አልከለከሉኝም።

ሸክላ ሠሪዋ አልጋው ላይ ለመተኛት ፈራች። «አንሶላው ነጭ ነው፤ እኔ ጭቃ ነኝ» አለች። ነጠላዬን አወለቅሁና ከሥሯ አነጠፍኩላት። ጤነኛ ክንዷን ሰጠች። የተቃጠለውን እጇን እኔ ጭኔ ላይ ይዤው ነበር። ደሙ ወደ ጠርሙሱ ወረደ፤ ከጠርሙሱም ወደ ልጄ። መጀመሪያ ምንም አልተለወጠም። በኋላ ከንፈሯ ቀላ። ቀጥሎ ጆሮዋ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ሳታዘነብል ልጄ ዐይኗን ገልጣ ውኃ ጠየቀች። ተንበረከክሁ። ባለቤቴም ተንበረከከ። ስነሣ አልጋው ላይ ነጠላዬ ታጥፎ ነበር። ሴትዮዋ ሄዳለች።

ልጄ ስትጠና በቤታችን የምስጋና ጸሎት አደረግን። ሸክላ ሠሪዋን ባለቤቴ ራሱ ሄዶ ጠራት። አማቴ ስለ እሷ ከዚያን ቀን ወዲህ ቃል አልተናገሩም ነበር። እኔ ቡላ በቅቤና በወተት አብስዬ አተካና ሠራሁ። ጎረቤት ተሰብስቧል፤ የአንጋጫዋም፣ ሲስተርም መጥተዋል።

ሴትዮዋ መጣች። ለልጄ የሠራቻት ትንሽ ማሰሮ በእጇ ይዛለች። እንደ ልማዷ ከእንሰቱ ሥር ቆመች። ሳህን ይዤ ወጣሁ። አማቴ በሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ እሳቸውን አልፌ መሄድ አለብኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ወሬውን ትቶ ያያል። አማቴ ሳህኑን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ቅጠል አለመሆኑን አወቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ወደ እንሰቱ፣

«አንቺ! ምን ይገትርሻል? ደምሽ ውስጥ ተኝቷል። ግቢና እዪው!» አሉ።

ሴትዮዋ አልተንቀሳቀሰችም። አማቴ ተነሡ፤ በዳሰሳ እስከ እንሰቱ ሄደው ክንዷን ያዙ። ጎንበስ ብለው ሁለቱ በበሩ ገቡ።

ውስጥ ጨለም ያለ ነው። ሴትዮዋ የተኛችውን ልጄን አየች፤ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ከዚያ ዐይኗ ምድጃው አጠገብ ወደተደረደሩት ማሰሮዎች ሄደ። አንዷን ነካች።

«ይቺ የእኔ ናት» አለች። ሌላዋንም ነካች። «ይቺም የእኔ ናት።»

«ያቺስ? ከንፈሯ የተሸረፈው?» አሉ አማቴ። «ከእኔ ጋር ነው እዚህ ቤት የገባችው፤ ሙሽራ ሆኜ።»

ሴትዮዋ ማሰሮዋን አንሥታ ሥሯ ላይ የቀረውን የሠሪዋን የጣት አሻራ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች።

«የእናቴ እጅ ነው» አለች።

አማቴ ማሰሮዋን ተቀብለው ያንኑ ቦታ እሳቸውም በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ቆይተው ለሴትዮዋ ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላት፤ እኔም ሳህኑን በሁለቱ መካከል አስቀመጥኩ።